ይውረዱ ያልኩበት በጋ

ሰኞ

ጻፊ ተብያለሁ፤ ይኸው እጽፋለሁ። ልጅቱ፣ ማለቴ የልጄ ልጅ፣ "በየቀኑ ካልጻፍሽ ፊደሎቹ ይጠፉብሻል" ትላለች። ፊደል ዶሮ ነው እንዴ በር ሲከፈት የሚጠፋው?

ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ በልብስ ጠመኔ። ስሳሳት አትመታኝም፤ ዓይኗ ግን ከአለንጋ ይብሳል።

ምን ልጻፍ? ዛሬ ሱሪዎች አሳጠርኩ፣ የቀሚስ ዚፕ ቀየርኩ። የዚፑ ባለቤት በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ "አንቺ፣ ቶሎ በይ እንጂ" ስትለኝ ዋለች። እኔን አንቺ ያላለኝ ሰው የለም። ሰው ቤት ሳገለግል የቤቱ ሕፃን እንኳ አንቺ ይለኝ ነበር። ለምጄዋለሁ።

አልለመድኩትም።

የልጅቱ ፈተና ተሰረዘ። የሷ ብቻ ሳይሆን የሁሉም። ጥያቄዎቹ ለከተማው አስተዳዳሪ ዘመዶች ልጆች አስቀድመው ተሰጥተው ኖሯል። ነገሩ ሲጋለጥ፣ የሰረቀውም ያልሰረቀውም እኩል ተቀጣ። ስንት ሌሊት ያጠናችው አፈር በላ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

ጓደኞቿን ይዛ መጣች። "እማ፣ የኋላ ክፍሉ ሰፊ ነው፤ እዚህ ብንሰበሰብ ምን ይልሻል?" ምን እላለሁ? ክሬን እንዳትረግጡ አልኩ።

ሁለቱን ለይቻቸዋለሁ። አንዱ ባለመነጽር ነው፤ የመነጽሩ እግር ተሰብሮ በክር አስሮታል፣ ያውም በኔ ክር። ሌላዋን ሬዲዮ ብያታለሁ፤ አንዴ ከተከፈተች አትዘጋም። ሬዲዮ ስትገባ "እንደምን ዋሉ?" አለችኝ። ዞሬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም። ለካ እኔን ነው።

ቅዳሜ

አገር ሲቆጥሩ ዋሉ። በየአገሩ የተነሡ ወጣቶችን እያነሡ፣ የማን ምን ላይ እንደደረሰ ይከራከራሉ። እኔ ካውያዬን ይዤ እሰማለሁ።

ባለመነጽር አንዲት ደሴት አለች ይላል። ልጆቹ የገዢውን ቤት ወረሩት፣ ገዢው በአውሮፕላን ሸሸ፣ እነሱም በመዋኛ ገንዳው ዋኙ። በስልኩ አሳየኝ። እውነትም ይዋኛሉ። አንዱ ሱሪውን እንኳ አላወለቀም።

"ከዚያስ?" አልኩት።

"ከዚያማ አሸነፉ!"

"ውሃውን ማን ቀየረው?"

በሳቅ ፈነዱ። የቀለድኩ መሰላቸው። ገንዳ የሚያጥብ ሰው የለም እንዴ?

ሬዲዮ ደግሞ ከድንበር ማዶ ያለችውን ጎረቤታችንን አነሣች። እዚያ ገዢው ወርዶ ሕዝቡ ሲጨፍር አደረ፤ ዓመት ሳይሞላ አንድ ወታደር መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሌላ አገር ደግሞ ገዢው አልወረደም፣ ሕጉን ብቻ ሰረዘው፤ ልጆቹ አሸነፍን ወይስ ተሸነፍን እያሉ እስካሁን ይጣላሉ። ልጅቱ የምታነሣው አንዲት ከተማ ብቻ ነው፦ ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ፣ ብዙ ነበሩ፣ መንገዱ አልበቃቸውም፤ አሁን መሪዎቹ ወይ እስር ቤት ናቸው ወይ ተሰደዋል። ሌላ አገር ጠፍቶ ነው ስለዚያች የምታወራው? ያውም ዓይኗ ሳይርገበገብ።

በነዚህ ሁሉ አገሮች እናቶቹ ምን ሲያደርጉ ነበር ብዬ ጠየቅኩ። ባለመነጽር ስልኩን ፈተሸ። እሱ የለም አለኝ።

ማክሰኞ

ትልቅ ነጭ አንሶላና ጥቁር ጨርቅ ይዘው መጡ። ፊደል ቆርጬ እንድሰፋላቸው ነው። ቀለም በላብና በውሃ ይፈሳል፤ ስፌት ግን አይለቅም አሉ። እሱስ ልክ ነው።

"አንድ ቃል ብቻ ነው" አለች ሬዲዮ። "ሲበዛ ከሩቅ አይነበብም።"

ቃሉን ልጅቱ በጠመኔ ጻፈችልኝ። ውረድ።

"ማንን ነው?"

"አስተዳዳሪውን።"

"አስተዳዳሪውን አንተ ልትሉት?"

"ታዲያ ምን እንበለው? ጋሼ?" አለ ባለመነጽር።

"የሸበተ ሰው ነው።"

"እማ፣ ሌባ ነው እኮ!"

"ቢሆንስ፣ የሸበተ ሌባ ነው።"

ሬዲዮ ብድግ ብላ መቁረጫው ጠረጴዛ ፊት እጅ ነሣች። "ጌታዬ፣ ቢደክምዎትም እባክዎ ይውረዱልን። ደረጃው ያዳልጣል፣ ቀስ ብለው። ባርኔጣዎን ልያዝልዎት?" ባለመነጽር ከሳቁ ብዛት መነጽሩ ወደቀበት። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቻለሁ፤ ጉንጬን አመመኝ።

ከዚያ ልጅቱ ኮስተር አለች። "እሱ እኛን አክብሮ ያውቃል? ውረድ ነው። በቃ።" ጨርቁን ትተውልኝ ሄዱ። ሐሙስ ይወጣሉ።

ረቡዕ

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጸጉር አስተካካይ ክር ሊለምነኝ መጣ። ወሬ ሊያቀብለኝ ነው እንጂ ክር ምን ያደርግለታል። "እትዬ፣ ግድግዳ ላይ ስድብ ሲጽፉ የነበሩትን ልጆች ትናንት ለቀሟቸው። መጀመሪያ የሚይዙት የሰደበውን ነው" አለኝ። እኔ ምን አገባኝ አልኩት።

ሰፍቼ ጨረስኩ። አንሶላው ረጅም ነው። ውረድ ሦስት ፊደል ስለሆነ መሐል ላይ ብቻውን ይቀራል፣ ግራ ቀኙ ባዶ። አራት ፊደል ቢሆን ልክክ ይላል። ስለዚህ ይውረዱ ብዬ ሰፋሁት። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጨርቅ ያለ ሥራ ሲቀር አልወድም። ሌላ ምክንያት የለውም።

ፊደሉን ወደ ውስጥ አድርጌ ጠቀለልኩት፣ ጠበቅ አድርጌም አሰርኩት። አቧራ እንዳይነካው ነው።

ሐሙስ

ማታ ላይ ተመለሰች። ደህና ናት። እጇም እግሯም ደህና ነው።

በሩን ሳትዘጋ ጀመረች። "ማን ለምኝልን አለሽ? ማን ነው ለምኝልን ያለሽ?" አደባባዩ ላይ፣ ስንት ሺህ ሰው ፊት ጨርቁን ሲዘረጉት ይውረዱ ይላል። ልጆቹ ክው አሉ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ባለመነጽር ሊጠቀልለው ሲል አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ አሮጊት ከቅርጫቷ አጠገብ ተነሥታ "ይውረዱ! ይውረዱ ጌታዬ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ጡረተኛው፣ ከዚያ የእግረኛው መንገድ በሙሉ።

ልጅቱ ስትነግረኝ ተናዳለች፤ ግን ድምጿ ውስጥ ሌላ ነገርም አለ። ከኋላዋ ሬዲዮ ገብታ አንገቴን አቀፈችኝ። "አልገባሽም እንዴ?" አለቻት። "ውረድ ለማለት አፋቸው እንቢ ያላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ይውረዱ ሲሆን ጊዜ ቻሉ። የሰውን አፍ ከፈቱልን እኮ!"

አፍ መክፈት አስቤ አይደለም የሰፋሁት። አልነገርኳትም።

እሑድ

ሦስቱንም ቀን ከተማው ይውረዱ ሲል ከረመ። ጸጉር አስተካካዩ ሳይቀር መቀሱን ይዞ ደጁ ላይ ቆመና "ይውረዱ!" አለ። ደንበኛው ግማሽ ጸጉሩ ተቆርጦ፣ ግማሹ እንደቆመ፣ አንሶላ እንደለበሰ ወጥቶ አብሮት ጮኸ።

ልጄ ደወለች። ባሕር ማዶ ሰው ቤት ነው የምትሠራው።

"እማዬ፣ ሰልፍ አለ አሉ። ልጄን አደራ።"

"የምን ሰልፍ? ምንም የለም።"

"ጩኸት ይሰማኛል እኮ።"

"ሠርግ ነው።"

"ልጄን አቅርቢልኝ።"

"ተኝታለች።"

አደባባይ ነበረች። አደራ የሚሉት ቃል ቀላል ነው፤ የሚከብደው ተቀባዩን ነው።

ማክሰኞ

ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ቴሌቪዥን አለ። ጠራኝ፣ ሄድኩ። ክራባት ያሰረ ሰው እኔ የሰፋሁትን ጨርቅ ፎቶ እያሳየ ይናገራል። ስፌቴን ለየሁት፤ የይ ፊደል እግር ትንሽ ጠምዛዛ ነው።

እንዲህ አለ፦ "እስካሁን ጥያቄያቸው አስተዳዳሪውን ብቻ የሚመለከት አስመስለው ነበር። ጨርቃቸው ግን አጋለጣቸው። ይውረዱ ማለት እነማን ይውረዱ? አስተዳዳሪው አንድ ሰው ናቸው። እነዚህ ሰዎች መንግሥትን ከነ ሥሩ ሊያፈርሱ ነው የተነሡት።"

ጸጉር አስተካካዩ ድምፁን ቀነሰው። "እትዬ፣ ይውረዱ ብዙ ነው እንዴ?"

"ምን ብዙ ነው? አክብሮት ነው። አንድ ትልቅ ሰው ነው።"

"ትልቅ ሰውና ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነው እንዴ የሚጻፈው?"

ይውረዱ። እሳቸው ይውረዱ። እነሱ ይውረዱ። መንገዱን እስክሻገር ድረስ ስደጋግመው ነበር። አንድ ነው። ፊደሉ አንድ ነው፣ ስፌቱም አንድ ነው። አንድ ሰው ላክብር ብዬ ለካ መንግሥትን በሙሉ ይውረዱ ብያለሁ። እንዳይቆጡ ብዬ የመረጥኩት ቃል ነበር።

ማታ ልጆቹ መጡ። አይስቁም። ባለመነጽር "እንግለጽላቸው፣ አስተዳዳሪውን ብቻ ነው እንበል" አለ። ልጅቱ ቆመች። "ለምን? ፈተናውን ብቻውን ነው የሸጠው? ያተመው፣ የጠበቀው፣ ዝም ያለው ሁሉ የለም? እማ ሳታውቀው እውነቱን ሰፋችው። ሁሉም ይውረዱ!" ሬዲዮ አጨበጨበች። ባለመነጽርም ትንሽ ቆይቶ አጨበጨበ።

አታጨብጭቡ አልኳቸው። ጎረቤት ይሰማል።

ዓርብ

ወሰዷት። ጠዋት፣ ከዚሁ። ሬዲዮንም ከቤቷ። ባለመነጽር የለም፣ ያየው የለም።

ማን ጻፈው ሲሏት እኔ አለች። እኔ ካውያ ይዤ ቆሜ ነበር። ጨርቁን እኔ ነኝ የሰፋሁት ለማለት አፌን ስከፍት አየችኝ። ያቺ ከአለንጋ የምትብስ ዓይኗ። ዝም አልኩ።

ሸሚዝ እያቃጠልኩ ነበር። የደንበኛ ሸሚዝ።

ቅዳሜ

ጣቢያ ሄድኩ። ነገ ነይ አሉኝ። አንቺ ሴትዮ አትቁሚ አሉኝ። ዳቦውን ተቀበሉኝ፤ ማን እንደበላው አላውቅም።

እሑድ

ልጄ ደወለች። ተኝታለች አልኩ። "ሁልጊዜ ተኝታለች?" አለች። ፈተና ስላደከማት ነው አልኩ። የትኛው ፈተና እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ

ዛሬ አስገቡኝ። በኮሪደሩ ስሄድ ከአንዱ በር ጀርባ "እማ! ብዙ ነው በያቸው! ብዙ ነው!" የሚል ሰማሁ። የሷ ድምፅ መሰለኝ። ጆሮዬም ይደክማል፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

የሚጠይቀኝ መኮንን ወጣት ነው፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ የሸሚዙ እጅጌ በደንብ የተተኮሰ። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። "እናቴ፣ ይቀመጡ። ሻይ ያምጡልዎት?" አለኝ። እርስዎ አለኝ። የደንብ ልብስ በለበሰ ሰው ፊት እየተንቀጠቀጥኩ ነበር የገባሁት፤ ይህን ሲለኝ ግን እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ። ሻዩንም ጠጣሁ፣ ሁለት ስኳር አድርጎበት ነበር።

ጨርቁን የሰፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። አልገረመውም። "እጅዎ ያስታውቃል፣ ጥሩ ስፌት ነው" አለ። ከዚያ በእርጋታ ጠየቀኝ።

"እናቴ፣ አንድ ነው ወይስ ብዙ?"

"ምኑ?"

"ይውረዱ ያሉት። አንድ ሰው አክብረው ነው ወይስ ብዙ ሰው?"

"አንድ ነው። አንድ ትልቅ ሰው አክብሬ ነው።"

"እኔም እንደዚያ ገምቼ ነበር። እናቶቻችን ሰው ያከብራሉ። ታዲያ ብዙ ያደረጉት እነማን ናቸው?"

"እኔ አላውቅም።"

"ልጅዎ ናት?"

"አይደለችም! እሷ የምታውቀው ነገር የለም። ሌሎቹ ናቸው።"

"ሌሎቹ ማለት?"

ባለመነጽሩ አልኩ። እና ወሬኛዋ ልጅ። ስም አልጠራሁም። ስማቸውን አልጠራሁም። ወሬኛዋ ልጅ ብቻ ነው ያልኩት፤ ወሬኛ ልጅ ስንት አለች በከተማው።

ወረቀት አዘጋጀና ቀለም ያለበትን ሳጥን ለጣቴ ገፋልኝ። "እጽፋለሁ" አልኩት። ስክሪብቶ ሰጠኝ፤ ፈረምኩ። በዕድሜዬ የመጀመሪያ ፊርማዬ ነው። ያማረ ሆነ። ጣቴን መስመሩ ላይ እያስኬድኩ ካላነበብኩ አይገባኝም፤ እሱ ፊት እንደዚያ ማድረግ አፈርኩ፤ ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ያልኩትን ብቻ ነው የጻፈው። ከፍ አድርጎ አንብቦልኛል።

"ልጅዎ በቅርቡ ትመጣለች" አለኝ። እስከ በሩ ሸኘኝ።

ሰኞ

አስተዳዳሪው ወረደ! በጤና ምክንያት አሉ። ምክትሉ ተሾመ። ፈተናው ይደገማል ተባለ። ከተማው ጭፈራ በጭፈራ ሆነ፤ መኪናዎች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ ጸጉር አስተካካዩ ዛሬ ጺም በነጻ ነው ብሎ ሰልፍ ተሠራለት።

ልጅቱም ተፈታች። ቀጥናለች። ከጣቢያው በር እስከ ቤት መንገዱን ሙሉ ሰው እየሳማት ነው የመጣነው። "አሸነፋችሁ! እሰይ የኛ ልጅ!" ይሏታል። እሷ እያንዳንዱን "ሬዲዮ የታለች? ተፈትታለች?" ትላለች። ሰው ጭፈራ ላይ ነው፣ አይሰማትም።

ሬዲዮ አልተፈታችም። ብዙ ነው ካሉት ውስጥ ናት።

ለልጄ ደወልኩ። "ይኸው ልጅሽ" ብዬ ስልኩን ሰጠኋት። "ደህና ነኝ" ብቻ ነው ያለቻት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ረቡዕ

የሚደገመውን ፈተና አልፈተንም አለች። መጽሐፎቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ነበር፤ ሰብስባ ከአልጋ ሥር ከተተቻቸው።

ጠዋት ሻይ አፈላች። ስኒውን አቀረበችልኝና "ይጠጡ" አለች።

ያልሰማሁ መስዬ "ምን አልሽ?" አልኳት።

"ሻይ ቀርቧል፣ ይጠጡ።"

እኔ ያሳደግኳት ልጅ ናት። አንቺ ስትለኝ ነው ያደገችው፤ ጡት ባላጠባትም እኔ ነኝ ያዘልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው እርስዎ ቢለኝ እያልኩ ኖሬ፣ ሲመጣ እንዲህ ሆኖ መጣ። ሻዩን ጠጣሁት። ስኳር አልነበረበትም።

መኮንኑ ወረቀቱን ሳያነብላት አልቀረም።

ቅዳሜ

የሬዲዮ እናት መጣች። ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ክንዷ ላይ የምድጃ ጠባሳ አለ። ልትሰድበኝ የመጣች መስሎኝ መቀሱን ከአጠገቤ ገለል አደረግኩ። አልሰደበችኝም። ከከረጢት ጥቁር ቀሚስ አወጣች።

"የልጄ ነው። ጎኑ ተተርትሯል። ችሎት ስትቀርብ እንድትለብሰው።"

"ችሎቱ መቼ ነው?"

"የፊታችን ማክሰኞ ሳይሆን የሚቀጥለው። መንግሥት ለመናድ ማሴር ነው ያሏት። ጨርቁን የሰፉት ሴትዮ ራሳቸው ለአንድ ሰው ነው ብለዋል፣ ብዙ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ ይሏታል።" ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና "እርስዎ ነዎት አይደል?" አለችኝ።

ነኝ አልኩ።

"ወረቀቱን አንብበውላታል። ያም ሆኖ፣ ልጠይቃት ስገባ፣ ለእናታችን ሰላም በይልኝ፣ ከመርፌ ጋር እንዳይጣሉ አለችኝ። አሁንም ትቀልዳለች።" ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ቀሚሱን እዚያው ሰፋሁላት። ስፌቱን ሁለት ጊዜ ደረብኩበት። ይሄ አይለቅም።

ሰኞ

ባለመነጽር ለልጅቱ መልእክት ላከ። ድንበር ተሻግሯል። ጎረቤታችን ዘንድ ነው፣ ገዢው ወርዶ ወታደር የተተካበት። ልጅቱ ለኔ አላነበበችልኝም፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታው ወጣች፣ እኔ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት። ሆን ብላ የተወችው ይመስለኛል።

ይላል፦ በተጨፈረበት አደባባይ አሁን ወታደር ቆሞ መታወቂያ ይጠይቃል። ወጣቶቹ ሻይ ቤት ተደብቀው ይሰበሰባሉ። ስለኛ ነው የሚያወሩት። የናንተው አስተዳዳሪ ወረደ፣ እናንተ አሸነፋችሁ እያሉ ይቀኑብናል። ሬዲዮ እንዴት ናት?

የሚቀኑብን ሰዎች አሉ ማለት ነው። ሌላ ክፍል ውስጥ፣ ሌላ ጠረጴዛ ከበው የኛን አገር ሲቆጥሩ፣ "ከዚያማ አሸነፉ" ይላሉ ማለት ነው። ባለመነጽርም መነጽሩን እያስተካከለ ከዚያስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይጠብቃል።

ዓርብ

መኮንኑ ደወለልኝ። "እናቴ፣ ማክሰኞ ለትንሽ ደቂቃ እናስቸግርዎታለን። ያችኑ ያሉኝን ዳኛው ፊት መድገም ነው። መኪና እንልክልዎት?" በእግሬ እመጣለሁ አልኩት።

ልጅቱ ከኋላ ክፍል ሰምታለች። በሩ ላይ መጥታ ቆመች። "ምን ሊሉ ነው?"

"ያልኩትን ነዋ" አልኳት።

ተመልሳ ገባች። በሩን በኃይል ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር፤ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እሑድ

ሥራ የለም። ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ቴሌቪዥን አየሁ። ሌላ አገር፣ ሌሎች ልጆች፣ ጎርፍ የሚያህል ሰው። አንድ ልጅ የመንገድ መብራት ላይ ወጥቶ ጨርቅ ያውለበልባል። የምን ቋንቋ እንደሆነ አላወቅኩትም፤ ጠርዙን ግን አየሁ፣ በእጅ የተሰፋ ነው፣ በጥድፊያ። ምን ላይ እንደሚደርሱ ጸጉር አስተካካዩ ጠየቀኝ፣ እኔ ነቢይ የሆንኩ ይመስል። "እንደ ዕድላቸው ነው" አልኩት። ቤት ስመለስ ውሸት መሰለኝ። የኛ ነገር በዕድል አይደለም የሄደው። አንዷ ትፈታ ዘንድ ሌላዋ ታስራ ቀረች፤ ያንን ያደረገው ዕድል አይደለም፣ ሻይ የጠጣ ሰው ነው።

ሰኞ

ሳስበው ዋልኩ። ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ልጆቹ የሰጡኝ ቃል ውረድ ነው። አንድ ሰው፣ አንተ፣ ውረድ። እሷ በጠመኔ የጻፈችው፣ ባለመነጽርም ሬዲዮም የተስማሙበት ያ ነው። ብዙ ያደረገው የኔ መርፌ ነው። ልጆቹማ ተሰፍቶ ካዩት በኋላ ነው የተቀበሉት። ማሴር ካለ ያሴርኩት እኔ ነኝ፣ ብቻዬን፣ ካውያ አጠገብ።

ዳኛው "አንድ ነው ወይስ ብዙ?" ይለኛል። የምመልሰውን ጮክ ብዬ ለመድኩት። ብዙ። ብዙ ነው። ሁለት ፊደል ናት፤ ከባድ ቃል አይደለችም። ፈርመሽ ነበር ቢለኝ፣ ሳላነብ ነው እለዋለሁ። እሱም እውነት ነው።

ፈርቼ አይደለም። ምሳ ግን አልበላሁም።

ለልጄ ደወልኩ። "እማዬ፣ ምነው ድምፅሽ?" አለች። ጉንፋን ነው አልኩ። "ልጅሽ ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ከእንግዲህ ራሷን ትጠብቃለች፤ እሷኑ ደውለሽ አናግሪያት" አልኳት። "ተኝታለች እንዳትይኝ ብቻ" ብላ ሳቀች።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ቀሚሴን ተኮስኩ። ሁለት ሹራብ ደርቤያለሁ። ጸጉር አስተካካዩ ሱቁን ሲከፍት አይቶኝ "እትዬ፣ በዚህ ሙቀት ሁለት ሹራብ? ለምሳ ትመለሺ የለም እንዴ?" አለኝ። ያረጀ ሰው ይበርደዋል አልኩት። የጣቢያ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተኝቶ አያውቅም መሰለኝ።

ልጅቱ ተኝታለች። የእውነት ተኝታለች። አልቀሰቅሳትም።

የጸጉር አስተካካዩ ሱሪ ጠረጴዛው ላይ አለ። አንዱ እግር አልቋል፣ ሌላው በመርፌ ብቻ ነው የተያዘው። እስከ ማታ ካልመጣሁ እሷ ትጨርሰው። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ትጠፈው፣ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው የሚሠራው፣ ቶሎ ይበላበታል። መርፌዎቹን ሳትነቅል እንዳትሰጠው። አንዷ በውስጥ በኩል ናት፣ አትታይም።